በውሰት ጎማ ያለፈች መኪና

መኪና መንዳት አልችልም። ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ግን የመኪና ጎማ በመዳፌ ዳብሼ የት የት ላይ እንደተበላ መናገር እችላለሁ። የመኪናን የኋላ ጥግ ተጭኜ ስለቅም አሞርዛተሯ ይሥራ አይሥራ ዐውቃለሁ። አሞርዛተር ማለት መኪና ጉድጓድ ስትመታ እንደ ኳስ እንዳትነጥር የሚይዛት ዕቃ ነው። ይህን ሁሉ ፈልጌ አልተማርኩትም፤ ያስተማረኝ ፍርሃት ነው።

ቤታችን ለቡ መብራት ኃይል ነው፤ ከአስፋልቱ ተነሥቶ በኮብልስቶን ዳገት ይወጣል። ባለቤቴ ብዙ ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ገዛ። በእርሷ የሦስት ጎረቤቶቻችንን ልጆችና የእኛን ትንሿን ልጅ ጠዋት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ወዳለው ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከሰዓት ይመልሳል። በመሃል ባለው ጊዜ የተገኘውን ሥራ ይሠራል። የምንኖረው በእርሷ ነው። ስለዚህ መኪናዋን ማማት እንጀራችንን እንደማማት ነበር፤ እኔ ግን በየቀኑ አማት ነበር።

ጠዋት ልጆቹ ገብተው በሩ ሲዘጋ በራችን ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ኮብልስቶኑን ስትወርድ ከኋላዋ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ይመጣል። የፍጥነት መቀነሻውን ጉብታ ስታልፍ ደግሞ አንዴ ተነሥታ አትረጋም፤ ሁለቴ ሦስቴ ትወዛወዛለች። በኋላ መስታወቷ የልጆቹ ጭንቅላት አብሮ ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል። ባለቤቴ በኋላ ሞላዎቿ መሃል ወፍራም ላስቲክ አስገብቶባታል፤ ልጆችና ቦርሳ ሲጫንባት ኋላዋ እንዳይወርድ። በሰፈራችን ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ከፍ ብላ ስትቆም ታምራለች፣ ጉድጓድም አትፈራም ይላሉ። እኔ ግን አደባባይ ስትዞር ወደ አንድ ጎን እንደምትጋደል ውስጧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ስጠይቀው የኮብልስቶኑ ድምፅ ነው ይለኛል። ደግሜ ስጠይቀው ይስቃል።

«አንቺ እኮ ቆማም ትፈሪያታለሽ» ይለኛል።

እውነቱን ነው። ቆማም እፈራት ነበር።

የዓመቱ ምርመራዋ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደረሰ። ያልተመረመረች መኪና ቦሎ አይለጠፍላትም፤ ቦሎ የሌላት ደግሞ መንገድ ላይ መውጣት የለባትም። ያን ቀን በጉጉት ነበር የጠበቅኩት። እኔን ባይሰማኝ መርማሪዎቹን ይሰማል፤ ከሥሯ ገብተው አይተው ይህን ቀይር፣ ያን አስተካክል ይሉታል ብዬ ነው። የዕለቱ ጠዋት ወደ ሱቅ ስወርድ የአንድ ሌላ ጎረቤታችንን መኪና ግቢው ውስጥ ያለ ጎማ በብሎኬት ላይ ተቀምጣ አየኋት። ጎረቤታችን ከእኛዋ ጋር አንድ ዓይነት የሆነች መኪና አለው፤ በሳምንት አንድ ቀን በቡታጅራ መንገድ እየወጣ ለሱቁ ዕቃ ያመጣባታል። ጎማ ሊያሠራ አውልቆ ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ከሰዓት ባለቤቴ እያፏጨ ገባ። መኪናዋ አልፋ ነበር። አዲሱ ቦሎ መስታወቷ ላይ ተለጥፏል። ወጥቼ አየሁት፤ ቁጥሩን ሳይቀር አነበብኩት። ከዚያ ራሴን ወቀስኩ። እነዚያ ሁሉ የተማሩ ሰዎች መሣሪያ ይዘው መርምረው ደህና ናት ያሏትን መኪና እኔ በጆሮዬ ብቻ ስኮንናት ኖሬያለሁ አልኩ። ያን ምሽት እራት ላይ እንደተሳሳትኩ ነገርኩት። እርሱ ዝም ብሎ በላ። ዝምታውን ትሕትና አደረግኩለት።

በማግሥቱ ሦስቱ እናቶች ልጆቻቸውን ሲያመጡ እኔው ራሴ ቀድሜ ነገርኳቸው። መኪናዋ ተመርምራ አልፋለች፣ እንግዲህ ልጆቻችሁን ስትሰጡን ሐሳብ አይግባችሁ አልኳቸው። ቃሉ የእኔ ነው። ማንም ተናገሪ አላለኝም። አንደኛዋ እናት፣ ከሦስቱ ጠርጣራዋ፣ ስትሰማ ትከሻዋ ዘና ሲል አየሁ።

ድምፁ አልቆመም። ቋ፣ ቋ ይላል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ቦሎውን እያየሁ ራሴን አረጋጋለሁ። አራት ወር ያህል እንዲህ ኖርኩ።

ሰኔ እንደገባ የወላጆች ስብሰባ ነበርና ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ስመለስ ከልጆቹ ጋር በእኛው መኪና ተሳፈርኩ። ትልቁ ልጅ ከፊት፣ እኔና ሦስቱ ትንንሾች ከኋላ ተጣበን ተቀመጥን። ብዙ ቀን ደርቆ የከረመው አስፋልት ላይ ገና ካፊያ ጀምሯል፤ መንገዱ እንደ ዘይት ያብለጨልጫል። ባለቤቴ በፍጥነት አልነዳም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ቁልቁለቱን እየወረድን መንገዱ መታጠፍ ሲጀምር ከፊታችን የነበረ ታክሲ ሰው ሊጭን ድንገት ቆመ። ባለቤቴ ፍሬን ያዘና ሊያልፈው መሪውን ወደ ግራ መለስ አደረገ።

የመኪናዋ ፊት ታዘዘ። ኋላዋ ግን አልሰማም። እኔና ልጆቹ የተቀመጥንበት በኩል ብቻውን ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። ድምፅ አልነበረውም። የሱቆቹ በሮች በመስኮቱ አጠገብ አንድ በአንድ ሲያልፉ አየሁ፤ ከዚያ ታክሲውን፣ ከዚያ ከኋላችን ሲመጣ የነበረውን የጭነት መኪና ፊት ለፊት። ልጄን በአንድ እጄ፣ የጎረቤቴን ልጅ በሌላው ይዤ፣ ሦስተኛዋን የምይዝበት እጅ አጣሁ። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚመጣብኝ። ሦስተኛ እጅ አልነበረኝም።

ስንቆም የመኪናዋ አፍንጫ ወደ መጣንበት ዞሯል። ጭነት መኪናው አንድ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆሟል፤ ሹፌሩ በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ አፉን በእጁ ይዟል። አንድ ምሳ ዕቃ እግሬ ሥር ይንከባለላል። ማንም አልተጫረም።

«እማ፣ ወደ ትምህርት ቤት ልንመለስ ነው?» አለችኝ ልጄ።

ባለቤቴ አልዞረም። ሁለት እጁን ከመሪው ላይ ማንሣት አቅቶት ነበር።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። አመሻሽ ላይ የባለመኪናው ጎረቤታችን ሚስት እግዜር አተረፋችሁ ልትለኝ መጣች። ደግ ሴት ናት፤ አንድ ጣሳ ሙሉ እርጎ ይዛ ነበር የመጣችው። ካፊያውን ረገምን፣ ባለ ታክሲውን ረገምን። እኔ የሚገርመኝ አልኳት፣ መኪናዋ ገና በጥምቀት ተመርምራ ያለፈች ናት። እርሷ በቅንነት፣ ልታጽናናኝ ብላ፣ እንዲህ አለችኝ።

«እሱማ በእኛ ጎማ ነው ያለፈችው እህቴ። ያኔውኑ ባትመልሱልን ኖሮ ይሄም አይደርስባችሁም ነበር።»

ከዚያ ፊቴን አየች። እንዳላወቅኩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ልጆች ብቻቸውን ናቸው ብላ ተነሣች።

በብሎኬት ላይ ተቀምጣ ያየኋት መኪና መጣችብኝ። የእኛን ለማሳለፍ ነበር ጎማዋን ያወለቀችው። ባለቤቴ የጎረቤታችንን አራት ጎማዎች ገጥሞ ሄዶ፣ ቦሎውን አስለጥፎ፣ ሲመለስ ደግሞ አውልቆ የእኛን ያለቁትን መልሶ ገጥሟል። ወጥቼ የኋላ ጎማዎቻችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። ጥርሳቸው አልቆ እንደ መዳፌ ልሙጥ ሆነዋል። ያ ወረቀት የእኛን መኪና አይመለከትም ነበር። አራት ወር ሙሉ የተረጋጋሁት በሰው ጎማ ነው።

ሲገባ አልጮህኩበትም። ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያሳልፈው አለኝ፤ ጎረቤት ለጎረቤት ጎማ መዋዋስ ከጥንት የነበረ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ሊገዛ ያሰበውም ለክረምት ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ሌላ ሚስት ብትሆን ይህን ትቀበል ነበር። በሰፈራችን ድስትም፣ ወንበርም፣ ድንኳንም እንዋዋሳለን። ጎማ ለምን ይለያል?

«እኔ ለሦስት እናቶች ቃል ሰጥቻለሁ» አልኩት። «አንተ ጎማ ነው የተዋስከው። እኔን ግን ውሸታም አድርገኸኛል።»

ከዚያ ነገ ጎማ እገዛለሁ አለ።

ጎሚስታው ጋ አብሬው ሄድኩ። ሴት ጎሚስታ ቤት ምን ታደርጋለች አላለኝም፤ ሊለኝም አልደፈረም። የያዝነው ለሁለት ጎማ የሚበቃ ብቻ ነው። ባለቤቴ ከፊት ግጠምልኝ አለው፤ መሪው ያለው ፊት፣ የሚጎትተውም ፊት ነውና። የሚያውቃቸው ሹፌሮች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። እኔ ጣልቃ ገባሁ። ያን ቀን ፊቷ አልከዳንም፣ የከዳን ኋላዋ ነው፣ ልጆቹም የሚቀመጡት ከኋላ ነው አልኩ። ባለቤቴ አፈረ መሰለኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ጎሚስታው ዕድሜው ከእኔ የማያንስ ሰውዬ ነው፤ ሆኖም ማዘር ይለኛል። የያዘውን ቁልፍ አስቀምጦ ሳቀ።

«ማዘር ትክክል ናት» አለው። «ፊቱ ሲንሸራተት መሪው እጅህ ላይ ይነግርሃል፤ እግርህን ታነሣለህ፣ ይመለሳል። ኋላው ከሄደ ግን የሚነግርህ የለም። ቀድሞህ ይሄዳል።»

ከዚያ አንዱን የወለቀ ጎማ ወደ እኔ አንከባለለና ዳብሺው አለኝ። ዳበስኩት። ዙሪያውን ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፤ እንደ ዳገትና ቁልቁለት። ጎማው ብቻውን እንዲህ አይበላም አለ። አሞርዛተሩ ስለሞተ ጎማው መሬቱን ይዞ አይሄድም፤ እየነጠረ ይሄዳል፣ መሬት በነካበት ቦታ ብቻ ይበላል። እየነጠረ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢያዝበትም አየር ላይ ነው። አዲሱን ብትገጥሙም በጥቂት ወር እንዲሁ ይሆናል አለን። በሞላዎቹ መሃል ያለውን ላስቲክ አይቶም ራሱን ነቀነቀ፤ መኪናዋ ኩርባ ላይ የምትጋደለው አለልክ ከፍ ስላለች እንደሆነ ነገረን። የመኪናዋን ጥግ በሁለት እጁ ተጭኖ ለቀቃት። ሦስቴ ተወዛወዘች። ጤነኛ አንዴ ተነሥታ ጸጥ ትላለች አለኝ። ጥርሱን መለካትንም እርሱ ነው ያሳየኝ፤ የክብሪት እንጨት በራሱ በኩል በጎማው ጥርሶች መሃል ባለው ቦይ ውስጥ ይከታል፣ የክብሪቱ ራስ ከተሰወረ ደህና ነው፣ ብቅ ካለ ግን ጎማው አልቋል።

ባለቤቴን አየሁት። ብዙ ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ ይህን ሁሉ ያውቅ እንደነበር ከፊቱ ገባኝ። የሚያውቀውን ነገር ነው ሲተወው የኖረው። ምርመራው ላይ አሞርዛተሩ እንዴት እንዳመለጣቸው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አዲሶቹ ከኋላ ገቡ፤ ከድሮዎቹ የተሻሉት ሁለቱ ከፊት። አሞርዛተሮቹ በሳምንቱ ተቀየሩ፣ ላስቲኩም ወጣ። መኪናዋ ዝቅ አለች፤ ባለቤቴ አላማረችም አለ። ቋ፣ ቋ የሚለው ድምፅ ግን ቆመ።

እናቶቹን ማናገር ቀረኝ። ከሁሉም የከበደኝ እርሱ ነው። ባለቤቴ አሁን ተስተካክላ የለ፣ ለምን የተኛ ትቀሰቅሻለሽ ብሎኝ ነበር። ሦስቱም ቤት በየተራ ሄጄ ቦሎው በማን ጎማ እንደተገኘ፣ እኔም ሳላውቅ እንደነገርኳቸው፣ አሁን ምን እንደተቀየረ ነገርኳቸው። ሁለቱ ልጄን አልወስድም፣ ብቻ ደግሞ እንዳይደርስ አሉ። ያቺ ጠርጣራዋ ግን እስከ መጨረሻ አዳምጣኝ፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ ብላ፣ ከማግሥቱ ጀምራ ልጇን በታክሲ ራሷ ማመላለስ ያዘች። አልተቀየምኳትም። እኔም እርሷን ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ክረምቱ ወደ ማለቁ ደረሰ። ጳጉሜን ላይ፣ ቀትር ገደማ፣ ጎረቤታችን መጣ። ተቀመጥ ብንለው በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሱቁ አወራ። ከዚያ የእርሱም የቦሎ ቀን እንደደረሰ ነገረን። ክረምቱን ሙሉ በቡታጅራ መንገድ ሲመላለስ የኋላ ጎማዎቹ ተጎድተዋል፤ አንዱ ጎኑ አብጧል፣ ሌላው አልቋል። ለግማሽ ቀን ሁለቱን አዲሶቹን ብናውሰው ይመልሳል። መስቀልን አገር ቤት ሊውል ሚስቱን፣ ሦስት ልጆቹንና አማቱን ይዞ ይወርዳል፤ ያለ ቦሎ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ አይሄድም።

ባለቤቴ አየኝ። ጎረቤታችንም ባለቤቴ ማንን እንደሚያይ አይቶ እኔን አየኝ።

እምቢ ማለት እንደማልችል ዐውቃለሁ። እርሱ አራቱንም አውልቆ ሰጥቶናል፤ መኪናውን በብሎኬት ላይ አቁሞልናል። እምቢ ብል ዘመን የማይሽረው ቅያሜ ነው። እሺ ብል ደግሞ ያ ቦሎ ምን እንደሆነ ዐውቃለሁ። ስድስት ሰው፣ የመስቀል ሰሞን መኪና፣ ያልጨረሰ ዝናብ። እርጎ ያመጣችልኝ ሴት ከኋላ ወንበር ላይ ልጆቿን ይዛ፣ ሦስተኛ እጅ አጥታ ታየችኝ።

ሳልመልስለት ተነሥቼ ወደ መኪናው ሄድኩ፤ በራችን ላይ አቁሟት ነበር። የኋላ ጥጓን ተጭኜ ለቀቅኩ። አንዴ ተነሥታ ጸጥ አለች። አሞርዛተሩ ደህና ነው። የጎደለው ጎማ ብቻ ነው።

«ውሰድ» አልኩት። «ግን ከቦሎው በኋላ እንዳትመልስ። ከመስቀል ስትመለስ ነው የምትመልሰው፤ ልጆቹን በእሱ ይዘሃቸው ሂድ።»

አልገባውም መሰለኝ፤ ባለቤቴን ተመለከተ። ባለቤቴ ትምህርት ሊከፈት ነው፣ በምን እንሠራለን አለኝ። የጎረቤታችንን ያረጁ ጎማዎች እስከዚያ በእኛዋ ላይ እንግጠም፣ በቀስታ እነዳለሁ አለ። ያበጠውን ጎማ በክብሪት መለካት እንኳ አላስፈለገኝም። አይሆንም አልኩ። መኪናችን ኋላዋ በብሎኬት ላይ ትቀመጥ፣ ልጆቹን እኔ በታክሲ አደርሳለሁ።

እንደዚያው ሆነ። አዲሱ ዓመት ገብቶ ትምህርት ሲከፈት፣ ሁለቱን የሰው ልጆችና የራሴን ይዤ ኮብልስቶኑን ወርጄ ታክሲ ጠበቅኩ። ሳልሳፈር ጎንበስ ብዬ የኋላ ጎማውን አያለሁ። አንዱ ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ማዘር፣ ልትሳፈሪ ነው ወይስ ልትገዢን?» አለኝ፤ ታክሲው ሙሉ ሳቀብኝ። ልጄ በኀፍረት ቀሚሴን ጎተተች። ልሙጥ ስለነበር አሳልፈነው ሌላ ጠበቅን። የሚያልፈው ሰው መኪናችሁ ምን ሆና ነው ሲለው ባለቤቴ ጎማዎቿ መስቀል ሊያከብሩ አገር ቤት ወርደዋል ይላል። መጀመሪያ በምሬት ነበር የሚለው፤ በኋላ በኋላ እየወደደው መጣ።

ጎረቤቶቻችን የሄዱ ዕለት ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሥራ እየሠራሁ ዓለም ገናን አሁን አልፈዋል፣ አሁን የመንገዱ ኩርባ ጋ ናቸው እያልኩ ከእነርሱ ጋር ተጓዝኩ። ሚስቱ ከሰዓት ደወለች። ደርሰናል አለችኝ፤ የልጆች ጫጫታ ከኋላዋ ይሰማል። ቁጭ አልኩ።

መስቀል ካለፈ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ጎረቤታችን የእኛን ሁለት ጎማዎች ከእነ ጭቃቸው በራሱ እጅ እያንከባለለ አመጣቸው። የራሱን ሁለት አዲስ ገዝቶ መኪናው ላይ ገጥሞ ነበር። ስለ ገዛውም ስለ ምክንያቱም ምንም አላወራም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሲሄድ ብቻ፣ ባለቤቴ ጎማዎቹን ገጥሞ ሲጨርስ፣ የመኪናችንን የኋላ ጥግ በእጁ ተጭኖ ለቀቃት።

ፍርሃቴ አልወጣልኝም። የመስከረም ዝናብ አለ፣ ደግሞ የሰኔው ይመጣል፤ ጎማ ደግሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይበላል። ጠዋት ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ክብሪት ይዤ እወጣለሁ። ባለቤቴ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኛል፤ አሁን አይስቅም፣ አይቆጣምም። ቦዩ ውስጥ እከታለሁ፣ ዳብሼ አያለሁ፣ ጥጓን እጫናለሁ። ልጄ ቦርሳዋን አዝላ አጠገቤ ትቆማለች።

«አለፈች?» ትለኛለች።

«ለዛሬ አልፋለች» እላታለሁ፤ ከዚያ በሩን እከፍትላታለሁ።